ለእህቴ የታዘዘው አይረን

እስከ ሃያ ስድስት ዓመቴ ድረስ ድምፄ አልጎረነነም፤ አገጬ ላይም አንዲት ፀጉር አልበቀለችም። የተወለድኩት እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ፣ ገብስና ባቄላ በሚዘራበት ደጋ ነው። ከእኔ በላይ አንድ ወንድም፣ ከእኔ በታች አንዲት እህት አሉኝ። ወንድሜ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሞፈር ጨብጦ ሲያርስ የሚውል ሰው ነበር። እኔ በዚያ ዕድሜዬ በቁመት በልጬው ነበር፤ ነገር ግን እጅና እግሬ ዝም ብሎ ይረዝማል እንጂ ጉልበት የሚባል ነገር አልነበረኝም።

ወንድሜ «ሙክቱ» የሚል ስም አወጣልኝ። ተኮላሽቶ ለበዓል እንደሚቀለብ በግ ማለቱ ነው። ስሙ መጀመሪያ ከቤት አልወጣም ነበር። አንድ ኅዳር ላይ ሰው ለደቦ ተሰብስቦ ገብስ ስንወቃ፣ ነዶ ተሸክሜ ወደ አውድማው ስመጣ ጉልበቴ ከዳኝና ከነሸክሜ ወደቅሁ። ወንድሜ ላንሳህ አላለኝም። ወደ ሰዉ ዞሮ «ተውት፤ ሙክት ለበዓል ነው እንጂ ለሥራ አይሆንም» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴም ሳቀ። ያን ጊዜ እህቴ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፤ እየሮጠች መጥታ ነዶውን ከላዬ ስታነሳ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ቀን በኋላ በመንደሩ ውስጥ በክርስትና ስሜ የምትጠራኝ እሷ ብቻ ነበረች።

አባታችን ሲሞት ወንድሜ በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ፣ ልጅ ለማይወልድ ሰው መሬት ማካፈል መሬቱን ማባከን እንደሆነ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ አዩ። አልተቃወሙትም። እኔም አልተከራከርኩም። በትምህርት ጎበዝ ነበርኩና ተምሬ የሒሳብ መምህር ሆንኩ፤ ስማዳ ወረዳ፣ ወገዳ ላይ ተመደብኩ። ክፍል ገብቼ ፊቴን ወደ ሰሌዳው ባዞርኩ ቁጥር ከኋላ አንዱ ድምፄን እያስመሰለ የተናገርኩትን ይደግማል። ጨዋ የሚባሉት ተማሪዎች እንኳ አንገታቸውን ደፍተው ይስቃሉ። ሦስት ዓመት እንዲህ አስተማርኩ።

ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ለዚህ ጉዳይ አልነበረም። ጭቃ አዳልጦኝ በእጄ ተደግፌ ብወድቅ የእጄ አንጓ ተሰበረና ደብረ ታቦር ሄድኩ። ራጁን ያየው ሐኪም ዕድሜዬን ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። አጥንቴ የሽማግሌ አጥንት ይመስላል አለኝ። ከዚያ በሩን ዘግቶ ልብሴን አስወለቀኝ። ያየውን አይቶ ሳይስቅ ልብሴን መልሼ እንድለብስ ነገረኝና ከመሳቢያው ብርቱካን አወጣ። ልጣጩን በጥፍሩ ጫን ብሎ አፍንጫዬ ሥር ያዘውና ዓይኔን እንድጨፍን አዘዘኝ።

«ምን ይሸትሃል?»

ምንም እንዳልሸተተኝ ነገርኩት። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሰዎች ሸተተን፣ ከረፋን ሲሉ ዝም ብሎ የአነጋገር ልማድ ይመስለኝ ነበር። አፍንጫ ከመተንፈሻነት አልፎ ሥራ እንዳለው በዚያን ቀን ነው ያወቅሁት። ሐኪሙ ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ እንደሚመጡ አስረዳኝ። አንዳንድ ሰው ሲፈጠር ማሽተት ሳይኖረው ይፈጠራል፤ ያንኑ ሰው ለአቅመ አዳም የሚያደርሰው የአንጎል ትእዛዝም አብሮ ይቀርበታል። ብልቴ ሥራውን እንዲጀምር የሚያዘው አጥቶ ነው የቀረው። መድኃኒቱ ቴስቶስትሮን የሚባል፣ ዘይት የመሰለ መርፌ ነው፤ በየሦስት ሳምንቱ መቀመጫ ላይ ይወጋል።

ቀጥሎ የነገረኝን ያን ጊዜ በጆሮዬ ብሰማውም በልቤ አልያዝኩትም። መርፌው ደም ያበዛል። እኔ ደግሞ ደገኛ ስለሆንኩ ደሜ ድሮም ከቆላ ሰው የወፈረ ነው። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ሄማቶክሪት የሚባል የደም ውፍረት ምርመራ ላደርግ ነው፤ ቁጥሩ ከሃምሳ አራት ካለፈ መርፌውን አቁሜ መምጣት አለብኝ። ደም ሲወፍር እግር ውስጥ ይረጋል፤ ሳንባም ላይ ሊወጣ፣ አንጎልም ሊመታ ይችላል። እኔ ግን ጺም እንደማበቅል ከነገረኝ በኋላ ያለው ሁሉ አልተሰማኝም ማለት እችላለሁ።

በአምስተኛው ወር ድምፄ ተሰበረ። ሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ስናገር የማላውቀው ጎርናና ድምፅ ከአፌ ወጣ፤ ክፍሉ ጸጥ አለ። ዓመት ሲሞላኝ ጺሜን መላጨት ጀመርኩ። ትከሻዬ ሰፋ። በዚያው ዓመት ድምፄን ሲያስመስል የኖረውን ልጅ፣ አንድ ቀን በሌላ ጥፋት ተነስ አልኩትና ከክፍል አስወጥቼ አፉ እስኪደማ በጥፊ መታሁት። እጄ እስኪነዝረኝ መታሁት። ወደ ክፍል ስመለስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ለጥምቀት እስቴ ሄድኩ። ልብሴን አሳምሬ፣ ጺሜን ለሁለት ሳምንት አሳድጌ ነው የሄድኩት። እህቴ አገጬን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። ወንድሜ ከበሬዎቹ ጋር እንደቆመ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ከየት ገዛኸው?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ወደ በሬዎቹ ዞረ። እኔ ግን ወገዳ እስክደርስ ድረስ ያቺን ቃል እያኘክሁ ሄድኩ። የተገዛ የማይመስል ጺም ፈለግሁ። በዚያ ወር መርፌውን ከሦስት ሳምንት ወደ ሁለት ሳምንት አመጣሁት፤ ቆይቼም ወደ አሥር ቀን። መድኃኒት ሻጩን ሐኪም አዞልኝ ነው አልኩት፤ አመነኝ። ለምን መርፌ እንደምወጋ የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ «ደም ብዛት አለብኝ» እለው ነበር። ሰዉ ግፊት ማለቴ መስሎት አይዞህ ይለኛል።

ፊቴ ቀላ። ወገዳ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ ወዝህ መጣ፣ ተመቸህ ይለኛል። ገላዬን ከታጠብኩ በኋላ ቆዳዬ ዱቄት እንደተነሰነሰበት ሁሉ ይበላኛል። ዳገት ስወጣ ራሴን ከሁለት የሚከፍል ሕመም ይይዘኛል፤ ማታ የተማሪ ደብተር ሳርም ፊደሉ ይደበዝዝብኛል። ከዓመት በላይ የተውኩትን ምርመራ ያን ጊዜ አደረግሁ። የወገዳው ጤና ተቋም የላቦራቶሪ ሴት ከጣቴ ደም ወስዳ በቀጭኗ ብልቃጥ አሽከረከረችውና ቁጥሩን አይታ ማሽኑ እንዳይሆን ብላ ደገመችው። ሁለቱም ጊዜ ሃምሳ ስምንት ሆነ።

ደብረ ታቦር ያለው ሐኪም ያንኑ ዕለት ከክንዴ አንድ ከረጢት ደም አስቀዳ። ራሴን ያመመኝ ነገር ከአልጋው ሳልወርድ ለቀቀኝ። መርፌውን በስንት ቀን እንደምወጋ ሲጠይቀኝ በታዘዝኩት ነው ብዬ ዋሸሁት። ቢሆንም መጠኑን በግማሽ እንድቀንስ አዘዘኝና እንዲህ አለኝ፦

«ደም መቅዳት ለዛሬ ብቻ ነው፤ መፍትሔው መርፌውን መቀነስ ነው። መርፌውን ሳትቀንስ ደምህን እየቀዳን ብንቀጥል ሰውነትህ ውስጥ ያለው ብረት ያልቃል። ያን ጊዜ ደምህም ወፍራም ይሆናል፣ አንተም ትደክማለህ። ሁለቱንም በአንዴ ትታመማለህ።»

እሺ አልኩት። አልቀነስኩም። ብቀንስ ድምፄ የሚመለስ፣ ትከሻዬ የሚሟሽሽ ይመስለኝ ነበር። አውድማው ላይ ወድቄ የምገኝ ይመስለኝ ነበር።

ከሁለተኛው ቀጠሮ በኋላ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ በጸጥታ ችግር ምክንያት እየተዘጋ፣ እየተከፈተ አስቸገረ። ራሴን ሲያመኝ የት ልሂድ አልኩና ገበያ ላይ፣ ከጨው ሻጮቹ ጀርባ የሚቀመጡ፣ በዋግምት ደም የሚያወጡ ሽማግሌ ጋ ሄድኩ። ማጅራቴንና ጀርባዬን በምላጭ ጭረው ቀንዱን ደፉበትና መጠጡት። የወጣውን ደም ሲያዩ እንደ ጉበት ረግቷል አሉ፤ ብዙ ሰው ሳወጣ እንዲህ ያለ አላየሁም አሉኝ። እኔም እንደ ምስጋና ቆጠርኩት። ሲጨርሱ ሕመሙ ጋብ አለልኝ። ከዚያ በኋላ ለስምንት ወር ያህል በገበያ ቀን በገበያ ቀን ተመላለስኩ። ምላጩን በምን እንደሚያጥቡት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

ሐኪሙ ያለው ደረሰ። ተቀምጬ ደብተር ሳርም እግሮቼ ውስጥ ጉንዳን የሚርመሰመስ ይመስለኛል፤ ካልተነሳሁ አይተወኝም። ጥፍሮቼ ወደ ውስጥ ጎድጉደው ጠብታ ውኃ የሚይዙ ሆኑ። ፊቴ ቀይ ነው፣ ጉልበት ግን የለኝም። ከሁሉ የባሰው ጠመኔው ነበር። ስጽፍ የተሰበረውን ቁራጭ ሳላስበው አፌ ውስጥ እጨምረዋለሁ። ኋላ ከመምህራን ክፍል በእፍኝ እየወሰድኩ ኪሴ ውስጥ ይዤ መዞር ጀመርኩ። ተማሪዎቹ ከንፈሬ ነጭ ሆኖ ሲያዩኝ እንደገና መሳቅ ጀመሩ።

ሐኪሙ ጋ ስልክ ደወልኩ። የምላጩን ነገር ነገርኩት። ብረትህ አልቋል፤ ደም ማውጣቱን ዛሬውኑ አቁም፣ መርፌውንም ቀንስ አለኝ። አይረን የሚባለውን የብረት ክኒን ልግዛ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሳልመረምርህ እንዳትነካው አለኝ። ያን መጠን መርፌ እየወጋህ አይረን ብትውጥ፣ መርፌው ያንኑ አይረን ወስዶ ሌላ ደም ይሠራበታል፤ ወደ ሃምሳ ስምንት ትመለሳለህ። መንገዱ ሲከፈት ና አለኝ። ስልኩን ስዘጋ በጆሮዬ የቀረው አይረን የምትለዋ ቃል ብቻ ነበረች።

እህቴ ወገዳ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ካገባች ሁለት ዓመቷ ነበር። ባሏ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወርዷል፤ እሷ የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። ከቀበሌያችን ጤና ተቋሙ ሩቅ ስለሆነ፣ መውለጃዋ እስኪደርስ እኔ ጋ ልትቀመጥ መጣች። በመጣች በሳምንቱ ክትትል ጀመረችና ቀይ አይረኖቿን በወረቀት ጠቅልላ ይዛ ገባች፤ ከሳህኖቹ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻቸው።

መጀመሪያ አንድ ወሰድኩ። ቆይቼ በቀን ሁለት። በሁለተኛው ሳምንት እግሬ ውስጥ ያለው መርመስመስ ቀነሰልኝ፤ ጠመኔውም አስጠላኝ። ክኒኑ ሲያልቅ ግን እንደምታውቅ ገባኝ። አንድ ቀን ሽሮ እያቀረበችልኝ፣ አይረኑ ሆዷን እንደሚያደርቃትና እንደሚያቅለሸልሻት አጫወተችኝ። ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት።

«ተዪው እንግዲያው» አልኳት። «ነርሶቹ አይነግሩሽም እንጂ አይረን ሕፃኑን ሆድ ውስጥ ያተልቀዋል። ለመውለድ ትቸገሪያለሽ።»

«እናቶችም እንዲያ ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች። «እውነት ነው እንዴ?»

«እውነት ነው።»

«ታዲያ ነርሷ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?»

«እየዋጥኩ ነው በያት። ክኒኑንም ተቀበያት፤ አልፈልግም ካልሻት ትቆጣሻለች። እኔ ወስጄ እጥለዋለሁ።»

እውነት እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ይህን ወሬ መንደር ለመንደር የሚያወሩ ሴቶች ባለማወቅ ነው የሚያወሩት፤ እኔ እያወቅሁ ነው የተናገርኩት። እሷ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው የተማረችው፤ እኔ ዲግሪ አለኝ። አመነችኝ። በየወሩ እየተቀበለች አምጥታ በእጄ ትሰጠኝ ነበር። እኔም ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አድርጌ እቆልፈው ነበር።

ስምንተኛ ወሯ ላይ ከንፈሯ ነጣ። ውኃ ከቦኖ ቀድታ ስትመጣ ጀሪካኑን በር ላይ አስቀምጣ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ትንፋሿን ትሰበስባለች። እንጨት ስትሰነጥቅ ሦስት ጊዜ ቁጭ ስትል አየሁ። ወጥቼ አላገዝኳትም። ስንፍና ነው አልኳት፤ እርጉዝ ሁሉ እየሠራ ይወልዳል፣ አንቺ ግን ወንድሜ መምህር ነው ብለሽ ተጎለትሽ አልኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የተናገርኩት። ጎረቤት እንዲሰማኝም ፈልጌ ነበር መሰለኝ። ተነስታ ቀሪውን እንጨት ሰነጠቀች። ነርሷ ደምሽ አንሷል፣ ክኒኑን በትክክል ትውጫለሽ ወይ ብላ ስትጠይቃት አዎ ብላ ነው የመጣችው። ነርሷም ጨምራ ሰጠቻት። የጨመረችላትንም እኔ ዋጥሁት።

ምጡ የያዛት ረቡዕ ንጋት ላይ ነው። ጤና ተቋሙ ቅርብ ነበርና በእግሯ ሄደች። ሦስት ሰዓት ላይ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗ አንድ እፍኝ ነበረች። እንኳን ማርያም ማረችሽ ብዬ ገና ሳልጨርስ አዋላጇ ከክፍሉ አስወጣችኝ። ደሙ አልቆም አለ። ሆዷን አሹ፣ መርፌ ወጉ፣ አልቆመም። ሌላ ሴት ብትሆን ይህን ያህል ደም ፈስሷትም ትቋቋመው ነበር፤ ይቺ ግን ድሮም ደም የላትም ስትል አዋላጇ ለጓደኛዋ ሰማኋት።

አምቡላንስ ተገኘ። መንገዱ በዚያን ሰሞን ክፍት ነበር። ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው ኮረኮንች ላይ የግሉኮሱን ከረጢት ከፍ አድርጌ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ሕፃኗን አዋላጇ ታቅፋለች። ክንዴ አልዛለም። ያን ያህል ሰዓት ይዤ ክንዴ አለመዛሉን ልብ ብዬ፣ በልቤ መኩራቴን ዛሬ ድረስ አልረሳውም። እህቴ ፊቷ እንደ ሰም ሆኖ፣ ሕፃኗ እስትንፋስ እንዳላት ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። አለች አልኳት። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ለእሷ የሚሆን ደም የተገኘው ሁለት ከረጢት ብቻ ነበር። ማኅፀኗን ካላወጣን አትተርፍም አሉ፤ ለዚያ ደግሞ ተጨማሪ ደም ያስፈልጋል፤ የቤተሰብ ሰው ይምጣ ተባለ። ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። ቀይ ነኝ፣ ጠንካራ ነኝ፣ ደም ሞልቶኛል። ደም የሚቀዳው ባለሙያ ሸሚዜን ሲያስወልቀኝ ማጅራቴንና ጀርባዬን አየ።

«ይህ የምላጭ ነው?»

«ዋግምት ነው።»

«መጨረሻ የወጣልህ መቼ ነው?»

ነገርኩት። ከቆመ አራት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። የማን ደም በነካው ምላጭ እንደተበጣሁ ስለማይታወቅ ለሌላ ሰው ደም መስጠት እንደማልችል ነገረኝ። ለመንኩት። እህቴ ናት አልኩት። እሱም ድምፁን ሳይጨምር፣ እህትህ ስለሆነች ነው የምከለክልህ ብሎ ሸሚዜን መለሰልኝ።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። እርሻ ላይ ነበር። የጅራፍ ድምፅ ይሰማኛል። ምን ሆነች ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሞተር ብስክሌት ተፈናጦ፣ የእርሻ ልብሱን እንደለበሰ ደረሰ። ሰጠ። አብሮት የመጣው ጎረቤታችንም ሰጠ። እህቴን ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት፤ ማኅፀኗን አወጡት። ነፍሷ ተረፈች።

ወንድሜ ክንዱን በጥጥ ይዞ ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የሚሰድበኝ መስሎኝ ጠበቅሁት። አልሰደበኝም። ውጭ ወጥቶ ዳቦና ሻይ ይዞ መጣና ግማሹን ቆርሶ ሰጠኝ። «ብላ» አለኝ። «ፊትህ እሳት መስሏል። አንተም ታመሃል መሰለኝ።» በዕድሜዬ ከእሱ የሰማሁት የመጀመሪያው ደግ ቃል ይህ ነበር። ዳቦውን ልነክስ ስል ራሴን አዞረኝ፤ ከአግዳሚው ላይ ተንሸራትቼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እሱ ነው ደግፎ አንስቶ፣ ሐኪሜ የት እንዳለ ጠይቆ፣ ወደ ክፍሉ የወሰደኝ።

ደሜ ተመረመረ። ሃምሳ ዘጠኝ። ሐኪሙ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቀና ብሎ አየኝ። ወንድሜ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«አይረን ትወስዳለህ?»

ዓይኔን ከወረቀቱ ላይ አላነሳሁም።

«ትወስዳለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«እወስዳለሁ።»

«ማን አዘዘልህ? ከየት አገኘኸው?»

ወደ ወንድሜ አየሁ። ሐኪሙ ለወንድሜ ሊያስረዳው ፈልጎ፣ በክፋትም ሳይሆን፣ አይረን ማለት እርጉዝ ሴቶች ደማቸው እንዳያንስ በየጤና ተቋሙ የሚሰጣቸው ቀዩ ክኒን ነው አለው። ወንድሜ ፊደል አልቆጠረም። ግን እህቴን ባየበት ዓይኑ እኔን አየኝ፤ ነጭ ከንፈሯንና ቀይ ፊቴን አስተያየ። ገባው። 

ነርስ መጥታ ከክንዴ አንድ ከረጢት ደም ቀዳች። ስትጨርስ በቢጫ የቆሻሻ ባልዲ ውስጥ ጨመረችው።

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ወንድሜ ቆመ። «አንተ ትነግራታለህ ወይስ እኔ ልንገራት?» አለኝ። እኔ እነግራታለሁ አልኩ። ሦስት ቀን አቆየሁት። በእነዚያ ሦስት ቀናት እሱ አልጋዋ ሥር ተኛ፣ ሾርባ አጎረሳት፣ ሕፃኗን በጋቢው ጠቅልሎ ያዘ። እኔ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ዋልኩ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ውኃ ሊያመጣ ወጣ፤ ሲወጣ አየኝ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነገርኳት። ክኒኑን እንዳልጣልኩት፣ እኔ እንደዋጥኩት፣ ሕፃኑን ያተልቀዋል ያልኳትም ውሸት እንደሆነ ነገርኳት። ለምን እንዳደረግሁት ልነግራት ስጀምር ዓይኗን ወደ ሕፃኗ መለሰች። ትንሽ ቆይታ፣

«ወጥተህ ወንድሜን ጥራልኝ» አለችኝ።

ወጥቼ ጠራሁላት።

ከሆስፒታል ስትወጣ ከእሱ ጋር ወደ እስቴ ሄደች። ባሏ ከመተማ ተመለሰ። ከእንግዲህ እንደማትወልድ ሲሰማ የሕፃኗ ክርስትና እስኪደርስ ቆየ፤ ከዚያ ለሥራ ብሎ ወረደና እዚያው ሌላ ሴት አገባ። ወንድሜ በሽማግሌ ፊት እኔን ከከለከለኝ መሬት ላይ ለእሷ ቆርሶ ሰጣት፤ ራሱም ያርስላታል። እሷ መካነ ኢየሱስ ቤት ተከራይታ ምስርና ሽምብራ ትነግዳለች። በአውቶቡስ የላክሁላት ጤፍ ከጣራው ሳይወርድ ተመልሶ መጣ። ሁለተኛ ላክሁ፤ ያም ተመለሰ። ሦስተኛ አልላክሁም።

ሐኪሙ መርፌውን ለሁለት ወር አስቆመኝ። ድምፄ አልተመለሰም፤ ጺሜም አልረገፈም። ያ ሁሉ ፍርሃት ከንቱ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ግን አንገቴን ደፍቼ፣ ተኝቼ፣ ለማስተማር እንኳ አቅም አጥቼ ከረምኩ። ከዚያ በትንሽ በትንሹ፣ በየሳምንቱ የምወጋው አነስተኛ መጠን ጀመረልኝ፤ እንዲህ ሲሆን ደሙ እንደ በፊቱ በአንዴ አይዘልም አለኝ። ደም መቅዳት ቀረ። ቁጥሩ ሃምሳ ላይ ሲረጋ ብረቱን መመለስ ይቻላል ብሎ በራሴ ስም አይረን አዘዘልኝ፤ አንድ ቀን እየዘለልኩ አንዲት ፍሬ፣ በየወሩ ደሜን እየተመረመርኩ። ያው ቀዩ ክኒን ነው። ከመዋጤ በፊት መዳፌ ላይ ያዝ አደርገዋለሁ። 

ያፉን ደም ያፈሰስኩት ልጅ ተመርቆ ከተማ ወጣ ሲሉ ሰማሁ። አሁን ክፍል ውስጥ የሚስቅብኝ የለም። ይፈሩኛል።

ባለፈው መስከረም ለወረዳው ስብሰባ ተልኬ መካነ ኢየሱስ ሄድኩ። ስብሰባው በምሳ ሰዓት ተበተነ፤ ገበያ ነበር። ልፈልጋት አልወጣሁም ብል እዋሻለሁ። ከእህል ተራው ጫፍ ላይ ጆንያዎቿን ከፍታ ተቀምጣለች። ሕፃኗ አድጋ አጠገቧ ቆማ በጣሳው ምስር እየሰፈረች መልሳ ታፈሳለች። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም።

«እንዴት ከረሙ፣ መምህር?» አለችኝ።

አፍ ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ አንተ ነበር የምትለኝ። ደህና ነኝ አልኳት። እሷ ደህና መሆኗን ስጠይቃት እግዚአብሔር ይመስገን አለች። ምስር ስፈሪልኝ አልኩ። ምን ያህል እንደምፈልግ በአንቱታ ጠየቀችኝና ጣሳውን ከልጇ እጅ ተቀብላ ሞላ አድርጋ ሰፈረችልኝ። ምርቃቱንም እንደማንኛውም ገዢ ጨመረችልኝ። ልጅቷ ወደ ላይ አንጋጣ አየችኝና እናቷን ቀሚሷን ጎተተቻት።

«እማዬ፣ ማናቸው?»

«ምስር ሊገዙ የመጡ ሰው ናቸው» አለቻት።

ፌስታሉን አስሬ ተሰናበትኳት፤ እሷም በሰላም ይግቡ አለችኝ። ከኋላዬ የቆመችውን ሴት ምን ልስጥሽ ስትላት እየሰማሁ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ። የወገዳው መኪና ሞልቶ ነበር፤ ምስሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ተጨናንቄ ተጓዝኩ። በማግስቱ የወሩ ምርመራዬ ቀን ነበር። አርባ ዘጠኝ ነው አለችኝ የላቦራቶሪዋ ሴት፤ ጥሩ ነው፣ እንዲሁ ይቀጥሉ አለችኝ።